ራሱን የቻለ አዳራሽ

አባ መዝገብ፦ ይነሱልኝ እባክዎ።

አማካሪው፦ ለምን እነሳለሁ? የተቀመጥኩት ወንበር ላይ ነው እንጂ አንተ ትከሻ ላይ አይደለም።

አባ መዝገብ፦ እኔም የፈለግሁት ወንበሩን ነው።

[ቦታው የክልሉ ገንዘብ ቢሮ አዳራሽ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሁለት ተኩል ነው። የፊት ወንበር ላይ እግሩን አጣምሮ ንግግሩን የሚያጠናው የቢሮው አማካሪ ነው። አርባ ዓመት አልሞላውም፤ በአራት ሰዓት የሚያነበው ንግግር ከተወደደለት ምክትል ኃላፊ ሊሆን ነው። ከኋላው የወንበሩን መደገፊያ ጨብጦ የቆመው ደግሞ የንብረት ክፍል ሹሙ ነው። ትልቁ መዝገብ ከብብቱ ስለማይለይ ሰው ሁሉ አባ መዝገብ ይለዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የቢሮውን ዕቃ ጠብቆ ነገ ጡረታ ይወጣል። ይወጣል ማለት ንብረቱን የሚረከበው ሰው ከተገኘ ነው። ተረክቦ ክሊራንሱ ላይ የሚፈርም ካልተገኘ ጡረታው አይከበርለትም፤ አበል የሚባል ነገር የለም። ሦስት ወር ሙሉ አራት ኃላፊዎች ዘንድ ደጅ ጠንቷል። አንዱ ስብሰባ ላይ ነኝ አለው። አንዱ መስክ ልወጣ ነው አለው። ሦስተኛው መዝገቡን ገለጥ አድርጎ ሲያይ ራሱን አመመው። አራተኛው «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብሎ እንደወጣ ነው።]

አማካሪው፦ ይሄ ሁሉ ወንበር ተደርድሮ እያለ የኔው ላይ ምን ታየህ?

አባ መዝገብ፦ ሌሎቹም አይቀሩም። ከፊት ልጀምር ብዬ ነው።

አማካሪው፦ አይቀሩም? የት ነው የሚሄዱት? በአራት ሰዓት የፌዴራል እንግዶች ይገባሉ!

አባ መዝገብ፦ እኮ! ለዚያ አይደል የምጣደፈው። ትናንት ከሰዓት ዕቃ ግምጃ ቤት ድረስ መጥተው ምን አሉኝ? «ነገ ክልላችን በገንዘብ ከፌዴራል ጥገኝነት መውጣቱን እናውጃለን፤ እንግዶቹ ሲገቡ አዳራሹ ውስጥ አንድም የፌዴራል ነገር እንዳያዩ» አላሉኝም?

አማካሪው፦ ብያለሁ። ፖስተሩን ማለቴ ነዋ! ግድግዳው ላይ «በፌዴራል መንግሥት ድጋፍ» እያለ የተለጠፈውን!

አባ መዝገብ፦ ፖስተሩን አንስቼ ጨርሻለሁ። ስምንት ነበር። ለካ ግድግዳውን ይዞት የኖረው እሱ ነው፤ ልስኑ አብሮት መጣ። አሁን ወንበር ላይ ደርሻለሁ። እስቲ ጎንበስ ይበሉና ከመቀመጫው ሥር ይዩት።

[አማካሪው ክራቫቱን በአንድ እጁ ይዞ አጎነበሰ። በቀይ ቀለም፣ በብሩሽ የተጻፈ ቁጥር አለ።]

አማካሪው፦ አርባ ሰባት ይላል። ምንድን ነው?

አባ መዝገብ፦ በኛ ቢሮ አሠራር ከፌዴራል ድጎማ የተገዛ ዕቃ ቁጥሩ በቀይ ይጻፍበታል። ክልሉ ከራሱ ገቢ የገዛው በአረንጓዴ። የሁሉንም የጻፍኩት እኔው ነኝ።

አማካሪው፦ እንግዲያው ቀላል ነው! ቀዮቹን አውጣና አረንጓዴዎቹን ደርድራቸው።

አባ መዝገብ፦ እሱን ልነግርዎት ነው። አረንጓዴው ቀለም ጣሳው ሳይጎድል ደርቋል።

አማካሪው፦ ጭራሽ የለም?

አባ መዝገብ፦ ኧረ አለ፣ አለ። የበሩ ጓጉንቸር አረንጓዴ ነው። በሩ ቀይ ነው።

[አማካሪው ተነስቶ ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደ። አባ መዝገብ ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ አነሳና በር ላይ ለቆሙት ሁለት ተሸካሚዎች አቀበላቸው።]

አማካሪው፦ ይሄ ነው እኮ የናንተ ችግር! ነገሩን ሁሉ በወንበር ነው የምታዩት። የገንዘብ ነፃነት ወንበር አይደለም። ጽንሰ ሐሳብ ነው።

አባ መዝገብ፦ እንግዶቹም ጽንሰ ሐሳቡ ላይ ይቀመጡ?

አማካሪው፦ ቀልደኛ ነህ። ወንበሩን መልሰው። ከመቀመጫው ሥር የተጻፈ ማን አጎንብሶ ያያል?

አባ መዝገብ፦ የሚመጡት ሰዎች እኮ ራሳቸው ናቸው የላኩልን። ሰው የሰጠውን ዕቃ ሳያጎነብስም ያውቀዋል። እርስዎ «ከናንተ ምንም አንፈልግም» እያሉ ሲያነቡ፣ አንዱ እንግዳ የወንበሩን ክንድ መታ መታ ቢያደርግ ምን ሊሉ ነው?

[አማካሪው ቆመ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ፊቱ ቀስ በቀስ በራ።]

አማካሪው፦ ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ። ባዶ አዳራሽ። እንግዶቹ ይገባሉ፤ ምንም የለም። «የናንተ የሆነውን ሁሉ መልሰን በእግራችን ቆመን እንቀበላችኋለን!» ካሜራው አዳራሹን በሙሉ ይዞርበታል። ኧረ ድንቅ ነው! ታውቃለህ፣ ይሄ ሐሳብ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እኔ ጭንቅላት ውስጥ ነበር።

አባ መዝገብ፦ ታዲያ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው እምቢ ሲሉኝ የነበረው?

አማካሪው፦ ስፈትንህ ነዋ። በል አውጣ! አንድም እንዳታስቀር!

[ተሸካሚዎቹ ገቡ። ወንበሮቹ አራት አራት እየተነባበሩ ይወጡ ጀመር። አባ መዝገብ መዝገቡን ክንዱ ላይ ዘርግቶ በእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ምልክት ያደርጋል። አማካሪው ባዶ ግድግዳ እያየ ንግግሩን ጮክ ብሎ ይለማመዳል።]

አማካሪው፦ «...ከእንግዲህ ወዲያ እጃችንን ለልመና ሳይሆን ለሥራ...» ምን ትላለህ?

አባ መዝገብ፦ ያምራል። አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ።

አማካሪው፦ አንድ ብቻ ከሆነ እድለኛ ነህ።

አባ መዝገብ፦ ክልሉ ከሚያወጣው መቶ ብር ውስጥ ከራሱ ገቢ የሚሸፍነው ስንቱን ነው?

አማካሪው፦ ሃያ ሁለት።

አባ መዝገብ፦ ሰባ ስምንቱስ?

አማካሪው፦ ሰባ ስምንቱ ይመጣል።

አባ መዝገብ፦ ከየት?

አማካሪው፦ ከላይ።

አባ መዝገብ፦ ከሰማይ?

አማካሪው፦ ከሰማይ ትንሽ ዝቅ ይላል።

አባ መዝገብ፦ እንግዲህ ራሳችንን ቻልን የምንለው ሃያ ሁለቷን ነው?

አማካሪው፦ በፍጹም! ስማኝማ። ራስን መቻል ሦስት ምዕራፍ አለው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ማወጅ ነው። እሱን ዛሬ እንጨርሳለን። ሁለተኛው ምዕራፍ የታወጀውን ለሕዝብ ማስተዋወቅ ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ፣ ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለውን ማጥናት ነው።

አባ መዝገብ፦ ገንዘቡ በየትኛው ምዕራፍ ነው የሚገባው?

አማካሪው፦ ገንዘቡ አባሪው ላይ ነው።

አባ መዝገብ፦ አባሪውስ?

አማካሪው፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ንግግሩ ካለቀ በኋላ ከእንግዶቹ ጋር እንፈራረመዋለን። «ከድጎማ ለመላቀቅ የሚሰጥ ልዩ ድጎማ» ይባላል። አምስት ዓመት ይሰጡናል፤ በስድስተኛው እንላቀቃለን።

አባ መዝገብ፦ በስድስተኛው አልላቀቅ ቢለንስ?

አማካሪው፦ እሱንም አስበንበታል። ይታደሳል።

አባ መዝገብ፦ አሁን ገባኝ። የእህቴ ልጅ እንደዚሁ ነው። «አጎቴ፣ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ከቤትህ ወጥቼ ራሴን ልቻል» አለኝ። ደስ ብሎኝ መረቅሁት። ለመውጫ የሦስት ወር የቤት ኪራይ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ይኸው አራት ዓመቱ፤ እየወጣ ነው።

አማካሪው፦ አየህ? የሽግግር ጊዜ ይባላል። እሱ ልጅ ገብቶታል!

አባ መዝገብ፦ እሱማ ገብቶታል። ያልገባን እኔና እህቴ ነን።

[የመጨረሻዎቹ ወንበሮች ወጡ። ወለሉ ላይ የእግራቸው ምልክት በረድፍ በረድፍ ቀረ። ተሸካሚዎቹ ወደ መድረኩ አለፉ፤ ረጅሙን ጠረጴዛ ጫፍና ጫፉን ይዘው አነሱት።]

አማካሪው፦ ቀስ! አትሮኖሱን ግን ተዉት። ንግግሬን ምን ላይ ላስቀምጠው?

አባ መዝገብ፦ ቀይ ነው።

አማካሪው፦ ድምፅ ማጉያውስ?

አባ መዝገብ፦ እሱ ከነሽቦው ቀይ ነው።

አማካሪው፦ ይሁን፤ ይውጣ። ነፃ ሰው ድምፁ አያንስም። [ጉሮሮውን ጠረገ] «ክልላችን!» ... ደግሞ ባዶ ሲሆን ይበልጥ ያስተጋባል። መጋረጃው?

አባ መዝገብ፦ መጋረጃው የተገዛው ከአንድ የፌዴራል የጤና ፕሮግራም በተረፈ ገንዘብ ነው። መዝገቡ ላይ የወባ መከላከያ አጎበር ይላል።

አማካሪው፦ ይውረድ!

[መጋረጃው ሲወርድ የጠዋት ፀሐይ ዘው ብላ ገባች። አማካሪው ዓይኑን ጨፈነ። አባ መዝገብ እርሳሱን አንስቶ ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ ወለሉን ተራ በተራ አየና አማካሪው ላይ ሲደርስ ቆመ።]

አማካሪው፦ ምን ታያለህ?

አባ መዝገብ፦ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ሳላጣራ እንዳላልፍ ብዬ ነው። እርስዎ በየትኛው በጀት ነው የተቀጠሩት?

አማካሪው፦ እኔ? በፕሮጀክት።

አባ መዝገብ፦ የማን ፕሮጀክት?

አማካሪው፦ የ... «የክልሎችን የራስ ገቢ አቅም ማጎልበቻ» ፕሮጀክት።

አባ መዝገብ፦ ደሞዙን የሚልከው ማን ነው?

አማካሪው፦ ስማ! ሰው ላይ ቁጥር አይጻፍም!

አባ መዝገብ፦ ኧረ እኔም አልጽፍብዎትም። ደግሞ ቀዩ ቀለም ከሦስት ዓመት በፊት ነው ያለቀው።

አማካሪው፦ አንተስ? አንተ ምን ቀለም ነህ?

አባ መዝገብ፦ እኔ በክልሉ በጀት ነኝ፤ አረንጓዴ። ለዚያ እኮ ነው ደርቄ የቀረሁት።

[አማካሪው ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ሰዓቱን አየ፤ ሦስት ከሩብ ሆኗል። አባ መዝገብ ከመዝገቡ ውስጥ በሦስት ቅጂ የተዘጋጀ ወረቀት አወጣ።]

አባ መዝገብ፦ እንግዲህ ይፈርሙልኝ።

አማካሪው፦ ምኑን?

አባ መዝገብ፦ ዕቃ ከቦታው ሲነሳ ያስነሳው ሰው ነው የሚረከበው። ተረክቦ ባለቤቱ እጅ እስኪያስገባ ድረስ በስሙ ይሆናል። የጎደለ ቢኖር ተጠያቂው እሱ ነው። መመሪያው እንዲህ ይላል።

አማካሪው፦ ለኔ ነው መመሪያ የምታስተምረው? ግማሹን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ስንት ዕቃ ሆነ?

አባ መዝገብ፦ የአዳራሹ ስልሳ አራት።

አማካሪው፦ [ንግግሩ ላይ ለመጻፍ ብዕሩን አነሳ] «በዛሬው ዕለት ክልላችን ስልሳ አራት ንብረት...» አይ። አይሆንም። ስልሳ አራት ምን ቁጥር ነው? ለድግስ ወንበር የተዋስን ነው የሚመስለው። ሌላ የለህም?

አባ መዝገብ፦ የመላው ቢሮ ከሆነ በመዝገብ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነው።

አማካሪው፦ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት! «ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ንብረት!» ሰማህ እንዴት እንደሚሞላ አፍ ላይ? እሱን አምጣልኝ!

[አባ መዝገብ መዝገቡን ወደ ደረቱ አስጠጋ። በሦስት ወር ውስጥ ያን ዝርዝር አይቶ ያልሸሸ ሰው የለም፤ ይሄኛው እጁን ዘርግቶ አምጣው ይላል። ማምጣቱ ቀላል ነበር፤ ዝርዝሩ ሦስት ወር ሙሉ ከመዝገቡ ተለይቶ አያውቅም። ግን ዕድሜውን ዕቃ ሲያስረክብ የኖረ ሰው ነውና፣ ጉድለቱን ሳይናገር ማስረከብ አልሆነለትም።]

አባ መዝገብ፦ ክቡር አማካሪ፣ አስቀድሜ ልንገርዎት። መዝገብ ላይ ያለው ሌላ፣ ቤት ውስጥ ያለው ሌላ ነው።

አማካሪው፦ ለዚህ እኮ ነው መዝገብ ያስፈለገው! ዕቃ ይሰበራል፣ ይዝጋል፣ ይበላሻል። መዝገብ ግን ባለበት ይኖራል። በኛ ሙያ የሚታመነው መዝገብ ነው።

አባ መዝገብ፦ ጉድለት አለበት ነው የምልዎት።

አማካሪው፦ ጉድለት የሌለበት ሒሳብ አይተህ ታውቃለህ? የኔ ሥራ ምን መሰለህ? ጉድለት ነው! አምና የዚህን ክልል የበጀት ጉድለት ብቻዬን በሁለት አንቀጽ ነው የሸፈንኩት።

አባ መዝገብ፦ ይሄኛው በአንቀጽ አይሸፈንም። ትልልቅ ዕቃም አለበት።

አማካሪው፦ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ዝርዝሩ ላይ ተጽፏል አይደል?

አባ መዝገብ፦ ተጽፏል።

አማካሪው፦ ከተጻፈ አለ። አለቀ።

አባ መዝገብ፦ ቢያንስ ያንብቡት። ሰባት ገጽ ነው።

አማካሪው፦ ታሪክ ሊሠራ አርባ አምስት ደቂቃ የቀረው ሰው የዕቃ ዝርዝር ሲያነብ አይገኝም። የት ጋ ነው?

አባ መዝገብ፦ እዚህ «ተረካቢ» የሚለው ላይ። በሦስቱም። ... ይሄ ደግሞ የኔ ክሊራንስ ነው፤ በእጄ የነበረውን ንብረት በሙሉ እርስዎ መረከብዎን ነው የሚለው። ነገ ጡረታ ስለምወጣ ነው።

አማካሪው፦ ወዲህ በለው! ዛሬ ሁሉም ነፃ ይውጣ!

[ፈረመ። ፊርማው ረጅም ነው፤ መጨረሻው ላይ እንደ ጅራት ይጠመዘዛል። አባ መዝገብ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃኑ አንስቶ አየ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ፣ እፍ አለባቸው። የአማካሪው ስልክ ጮኸ።]

አማካሪው፦ [ለጸሐፊዋ፣ በስልክ] አቤት! ... እንግዶቹ ደረሱ? እንኳን ደህና መጣችሁ በያቸው! ሻይ ይቅረብላቸው። ... ስሚኝ፣ ከመካከላቸው የንብረት ባለሙያ አለ? ... ኦዲተር? ሴት ናት? በጣም ጥሩ! ለሷ የሚሆን ሥራ አለኝ በያት። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት የፌዴራል ንብረት ዛሬውኑ እናስረክባታለን፤ አንድ በአንድ ቆጥራ ትቀበል። አዎ፣ አንድ በአንድ! ተረካቢው እኔ ነኝ፤ አስረካቢውም እኔ። [ስልኩን ዘጋ] አንዱን ቅጂ አሁኑኑ ለኦዲተሯ ላክላት።

አባ መዝገብ፦ ለኦዲተሯ? እርግጠኛ ነዎት?

አማካሪው፦ አሁኑኑ አልኩ! ሁለተኛውንም መዝገብ ቤት አስገባው፤ ለታሪክ ይቀመጥ።

[አባ መዝገብ ሁለቱን ቅጂ ለተሸካሚዎቹ ሰጠ፤ እየሮጡ ወጡ። ሦስተኛውንና ክሊራንሱን ደረት ኪሱ ውስጥ አስገብቶ ቁልፉን ቆለፈው። አዳራሹ ውስጥ አሁን ሁለቱ ሰዎች፣ የተላጠ ግድግዳና ያ አንድ ጓጉንቸር ብቻ ቀሩ።]

አማካሪው፦ ኧረ ደስ ሲል! አየህ አባ መዝገብ፣ አንተ ሠላሳ ዓመት ያልሠራኸውን እኔ በአንድ ጠዋት ሠራሁት። በል አሁን ዕቃዎቹ በሙሉ ግቢው ውስጥ ይደርደሩ፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም።

አባ መዝገብ፦ ሁለት መቶ ሰባ አንድ ነው የሚደረደረው።

አማካሪው፦ አርባ አንዱስ?

አባ መዝገብ፦ እሱ ነው እኮ ጉድለቱ።

አማካሪው፦ ጉድለት ማለት... ዕቃ የለም ማለት ነው?

አባ መዝገብ፦ ታዲያ ምን መሰለዎት?

አማካሪው፦ [ድምፁ ቀጠነ] ምን ምን ነው የሌለው?

አባ መዝገብ፦ ከትንሹ ልጀምር? ሃያ ሦስት ወንበር። ኃላፊ ሲሻር የለመድኩት ነው እያለ ወንበሩን ይዞ ይሄዳል። ዘጠኝ ምንጣፍ። አራት ማቀዝቀዣ። ሦስት ኮምፒውተር፤ እነሱ እንኳ ስክሪናቸው አለ።

አማካሪው፦ ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። ሁለቱስ?

አባ መዝገብ፦ አንዱ ጄኔሬተር ነው። ከሦስት ኃላፊ በፊት የነበሩት ሰውዬ ለአንድ ቅዳሜ ብለው ወሰዱት። ቅዳሜው እስካሁን አላለቀም።

አማካሪው፦ የመጨረሻውስ?

አባ መዝገብ፦ ፒካፗ ናት።

አማካሪው፦ መኪና? መኪና ይጠፋል?!

አባ መዝገብ፦ ኧረ ጠፋች አልተባለም። መስክ ወጥታ ነው። ዘንድሮ ስድስት ዓመቷ።

አማካሪው፦ ስድስት ዓመት ማንም አልጠየቀም?

አባ መዝገብ፦ በየዓመቱ የነዳጅ በጀት ይጠየቅላታል እኮ። ነዳጁን የሚያጸድቁት እርስዎ ነዎት።

[አማካሪው ሊቀመጥ ወደ ኋላው በእጁ ዳበሰ፤ የሚቀመጥበት የለም። ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለ። ልስኑ ኮቱን አነጣው።]

አማካሪው፦ ፒካፗ ብቻ የአሥራ አንድ ዓመት ደሞዜ ናት!

አባ መዝገብ፦ ሲተኩ የአሁኑ ዋጋ ነው የሚታሰበው። አሥራ ስድስት ዓመት ይበሉት።

አማካሪው፦ ወረቀቱን አምጣው! አምጣው እቀደዋለሁ!

አባ መዝገብ፦ አንዱ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ወጥቶለታል። አንዱ ኦዲተሯ እጅ ነው። የኔን ቢቀዱት የሚጎዳው ጡረታዬ ብቻ ነው፤ እርስዎ እንደሆነ አይተርፉም።

አማካሪው፦ ለምን አልነገርከኝም?

አባ መዝገብ፦ ጉድለት አለው አልኩዎት፤ ሥራዬ ነው አሉኝ። ትልልቅ ዕቃም አለበት አልኩዎት፤ ከተጻፈ አለ አሉኝ። ያንብቡት አልኩዎት፤ ታሪክ ልሠራ ነው አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ፣ እጅዎን ልያዝ?

አማካሪው፦ ያሳብዳል። እኔ፣ ስንት ሚሊዮን የማዘው ሰውዬ፣ በወንበር! አባ መዝገብ፣ በናትህ፤ አባቴ ትሆናለህ፤ አንድ መላ በለኝ።

[«አባቴ» ሲለው የመጀመሪያው ነው። አባ መዝገብ አዘነለት። አጠገቡ ቁጢጥ አለና ትከሻው ላይ የረገፈውን ልስን በመዳፉ አራገፈለት።]

አባ መዝገብ፦ ተመስገን ይበሉ፤ አልሞቱም። እንዲያውም ክልሉን አልጎዱም። ደሞዝዎ ከፌዴራል ነው የሚመጣው፤ ዕቃውም የፌዴራል ነው። የነሱን ዕቃ በነሱ ገንዘብ ይተኩላቸዋል፤ ከሃያ ሁለቷ አንድ ሳንቲም አትነካም።

አማካሪው፦ እኔስ ምን እበላለሁ?

አባ መዝገብ፦ እሱን እነሱን መጠየቅ ነው። ደረጃውን እየወጡ ነው፤ ይሰማል። [ተነሳ፤ መዝገቡን ባዶው ወለል ላይ፣ አማካሪው እግር ሥር አስቀመጠው] ይሄም የእርስዎ ነው። ደህና ይሁኑ። ብብቴ ሠላሳ አንድ ዓመት አየር አግኝቶ አያውቅም።

[ክንዱን እያወዛወዘ በጎን በር ወጣ። ዋናው በር ተከፈተ። ስድስት እንግዶች ገብተው ባዶውን አዳራሽ ሲያዩ እዚያው ቆሙ። ከኋላቸው ካሜራ አለ። ከፊታቸው የቆመችው መነጽር ያደረገች ሴት ሰባት ገጽ ወረቀት ይዛ በእርሳስ ጫፍ እየቆጠረች ነው። አማካሪው ተነሳ፣ ኮቱን አራገፈ፣ ንግግሩን ገለጠ። የመጀመሪያውን መስመር አየ፤ ሁለተኛውን አየ። ወረቀቱን መልሶ አጠፈው።]

አማካሪው፦ ክቡራን እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ክልላችን ከዛሬ ጀምሮ ከፌዴራል መንግሥት ምንም ዓይነት ድጎማ ሳይጠብቅ በገንዘብ ሙሉ በሙሉ ራሱን መቻሉን ሳበስር ታላቅ ደስታ...

[ኦዲተሯ እርሳሷን ዝርዝሩ ላይ አቁማ ቀና ብላ አየችው።]

አማካሪው፦ ...ታላቅ ደስታ ይሰማኛል። ድጎማ የሚጠብቅ የለም፤ ከአንድ ሰው በስተቀር።